መቀስና አመኔታ፦ ፎቶግራፍ በግራፊክ ጥበብ ውስጥ ያለፈበት መንገድ

ሰው ሥዕል ሲመለከት «ሠዓሊው እንዲህ አስቦ ሣለው» ይላል፤ ፎቶግራፍ ሲመለከት ግን «እንዲህ ነበር» ይላል። በእነዚህ ሁለት አነጋገሮች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ቢመስልም፣ ፎቶግራፍን ከፊደልና ከቀለም ጋር አዋሕዶ በወረቀት ላይ የሚያሰፍረው የግራፊክ ጥበብ ባለሙያ ሥራ በአመዛኙ የቆመው በዚሁ ልዩነት ላይ ነው። ተመልካቹ ለፎቶግራፍ የሚሰጠው እምነት ባለሙያው ሳይደክምበት የሚያገኘው ሀብት ነው። ባለሙያው ግን ፎቶግራፉን እንዳገኘው አይተወውም፤ ይቆርጠዋል፣ ያጎላዋል፣ ያሳንሰዋል፣ ከሌላ ፎቶግራፍ ጋር ያጋጥመዋል፣ ከጎኑ ቃል ያቆምበታል። በዚህ ጊዜ ያ በነፃ የተገኘ እምነት ምን ይሆናል? ይጠበቃል ወይስ ይባክናል?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በታሪክ መነጽር መመልከት ነው። ጥያቄው የተወለደውም ሆነ ከሁሉ የከረረ መልስ ያገኘው ከ1918 እስከ 1938 ባሉት ሃያ ዓመታት፣ በበርሊን፣ በዴሳው፣ በሞስኮና በዙሪክ አካባቢ በመሆኑ፣ ትረካችን በአብዛኛው በእነዚህ ከተሞች ይቆያል። ሌላ ካልተገለጸ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነጠብጣቡ የከፈተው በር

ፎቶግራፍ እንደ ተፈለሰፈ ወዲያውኑ በጋዜጣ ገጽ ላይ የወጣ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ዳሩ ግን የዳጌር የፎቶግራፍ ዘዴ በ1839 በፓሪስ ለሕዝብ ይፋ ከሆነ በኋላ ለአርባ ዓመታት ያህል ፎቶግራፍና የማተሚያ መኪና ሳይገናኙ ኖረዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የማተሚያ መኪና ቀለም ያሳርፋል ወይም አያሳርፍም፤ ጥቁርና ነጭ እንጂ ግራጫ አያውቅም። ፎቶግራፍ ደግሞ ከሞላ ጎደል ግራጫ ነው። ስለሆነም በዚያ ዘመን አንድ ጋዜጣ የፎቶግራፍ ዜና ሲደርሰው ለእንጨት ቀራጭ ይሰጠው ነበር፤ ቀራጩም ምስሉን በጠንካራ እንጨት ላይ በመስመር ገልብጦ ይቀርጸዋል፤ ከሥሩም «ከፎቶግራፍ የተቀዳ» ተብሎ ይጻፋል። በአንባቢውና በነገሩ መካከል የሌላ ሰው እጅ ይገባ ነበር ማለት ነው።

ይህን አጥር ያፈረሰው ነጠብጣብ ነው። ምስሉ በጥልፍልፍ መስታወት በኩል እንደገና ፎቶ ሲነሣ ግራጫው ተሰባብሮ ወደ ትንንሽና ትልልቅ ነጠብጣቦች ይለወጣል፤ ትልቁ ነጠብጣብ ለጥቁሩ፣ ትንሹ ለብሩሁ ይውላል፤ ዓይንም ከሩቅ ሆኖ ሁሉንም አቀላቅሎ ግራጫ አድርጎ ያነበዋል። መጋቢት 4 ቀን 1880 የኒው ዮርክ «ዴይሊ ግራፊክ» ጋዜጣ በእስጢፋኖስ ሆርጋን ዘዴ የተዘጋጀ የአንድ የድሆች መንደር ፎቶግራፍ አተመ። በ1882 ጀርመናዊው ጌኦርግ ማይዘንባኽ የራሱን ዘዴ በባለመብትነት አስመዘገበ። በ1890ዎቹ የሌዊ ወንድማማቾች በፊላደልፊያ የሠሩት ጥልፍልፍ መስታወት አሠራሩን አስተማማኝ አደረገው። በእኛም ማተሚያ ቤቶች ዕድሜ ጠገብ የሆኑ ባልደረቦች «ክሊሼ» እያሉ የሚጠሩት በብረት ላይ የተቀረጸ ምስል የዚሁ ዘዴ ልጅ ነው።

የዚህ ፈጠራ ውጤት ከቴክኒክ በላይ ነበር። ፊደልና ፎቶግራፍ በአንድ ፎርም ላይ አብረው ታስረው፣ በአንድ ቀለም ተቀብተው፣ በአንድ ጊዜ መታተም ቻሉ። ከእንጨት ቀራጩ መውጣት ጋርም ዕለታዊው ወረቀት በሚሊዮን በሚቆጠሩ «እንዲህ ነበር» በሚሉ ምስሎች ተጥለቀለቀ። ለመቀስ የሚሆን ጥሬ ዕቃ በየቤቱ ተከመረ።

የበርሊን መቀስ

መቀሱን መጀመሪያ ያነሣው ማን ነው? በዚህ ነገር በበርሊን የዳዳ እንቅስቃሴ አባላት መካከል የቆየ ክርክር አለ። ራውል ሃውስማንና ሃና ሆኽ በአንድ ወገን፣ ጌኦርግ ግሮስና ጆን ሃርትፊልድ በሌላ ወገን ሆነው እያንዳንዳቸው ፈልሳፊነቱን ለራሳቸው ቆጥረዋል። ሃውስማን ሐሳቡ የመጣለት በ1918 በባልቲክ ባሕር ዳርቻ በዕረፍት ላይ ሳለ፣ በየቤቱ የተሰቀለ የወታደር መታሰቢያ ሥዕል አይቶ ነው ይላል። ሥዕሉ በማተሚያ ቤት የተዘጋጀ የአንድ ወታደር አቋም ሆኖ፣ በራሱ ቦታ ላይ የቤቱ ልጅ ፎቶግራፍ ተቆርጦ ይለጠፍበት ነበር። እንዲህ ከሆነ ፎቶ ሞንታዥ፣ ማለትም ልዩ ልዩ ፎቶግራፎችን ቆርጦ በአንድ ምስል የመገጣጠም ጥበብ፣ ከሠዓሊዎች ክበብ በፊት በተራው ሕዝብ ግድግዳ ላይ ነበር ማለት ነው።

ስሙም ትርጉም አለው። በጀርመንኛ «ሞንተር» ማለት የመኪና ገጣጣሚ ማለት ነው። እነዚህ ወጣቶች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት እልቂት በኋላ «ሠዓሊ» ተብለው መጠራትን ንቀው ራሳቸውን ከገጣጣሚ ሠራተኛ ጋር አስተካከሉ። በ1920 በበርሊን በተከፈተው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የዳዳ ትርዒት ላይ ሃና ሆኽ ያቀረበችው፣ በወጥ ቤት ቢላዋ ስም የተሰየመው ትልቅ ሞንታዥ የዚህ መንፈስ ጥሩ ምሳሌ ነው። የፖለቲካ ሰዎች፣ የጦር አለቆች፣ ዳንሰኞች፣ ኩሽኔታዎችና የመኪና ጎማዎች ከሥዕላዊ መጽሔቶች ተቆርጠው በአንድ ወረቀት ላይ ተበትነዋል። ሆኽ በዚያን ጊዜ በኡልሽታይን የኅትመት ድርጅት ተቀጥራ የጥልፍና የእጅ ሥራ ንድፍ የምታዘጋጅ ባለሙያ ነበረች፤ የቆረጠቻቸው ምስሎችም አብዛኞቹ ከምታውቃቸው መጽሔቶች የተገኙ ነበሩ። በሥራዋ ላይ የመቀሱ ጠርዝ ሁሉ በግልጽ ይታያል፤ ራስ ከሌላ ሰው አካል ጋር የተጋጠመበት ቦታ አይደበቅም። ተመልካቹ ምስሉ የተሠራ መሆኑን አንድ አፍታ እንኳ አይዘነጋም።

ሃርትፊልድ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። በ1891 በበርሊን ሲወለድ ስሙ ሄልሙት ሄርትስፌልድ ነበር። በጦርነቱ መካከል፣ በ1916፣ አገሩ በእንግሊዝ ላይ የምትነዛውን ጥላቻ በመቃወም ስሙን ወደ እንግሊዝኛ ለወጠ። ወንድሙ ቪላንድ ሄርትስፌልደ በ1917 ላቋቋመው ማሊክ አሳታሚ ድርጅት የመጽሐፍ ሽፋኖችን እየሠራ በሙያው በሰለ። በ1928 ምርጫ ለኮሙኒስት ፓርቲ ያዘጋጀው ፖስተር ዛሬም በየትምህርት ቤቱ ይጠቀሳል፤ የአንድ ሠራተኛ የቆሸሸች የተዘረጋች መዳፍ ብቻ ናት፤ አምስቱ ጣቶች የፓርቲውን የምርጫ ዝርዝር ቁጥር 5 ያመለክታሉ። አንድ ፎቶግራፍ፣ አንድ ቁጥር፣ ጥቂት ቃላት፤ ከዚህ ሌላ ምንም የለም።

ከ1930 ጀምሮ ሃርትፊልድ «አርባይተር ኢሉስትሪርተ ጻይቱንግ» ለተባለው የሠራተኞች ሥዕላዊ መጽሔት በመደበኛነት መሥራት ያዘ፤ እስከ 1938 ባለው ጊዜም ከ200 በላይ ሞንታዦችን አቀረበ። አሠራሩን ማወቅ ለባለሙያ ይጠቅማል። እርሱ ራሱ ፎቶ አንሺ አልነበረም። ከየማኅደሩ ያሉትን ፎቶግራፎች ይሰበስባል፤ የሚፈልገው ከሌለ ለፎቶ አንሺ ትእዛዝ ሰጥቶ፣ ብርሃኑንና አቋሙን አስተካክሎ ያስነሣል። ከዚያ ይቆርጣል፣ ያጣብቃል፣ ስፌቱን በቀለም ይሸፍናል፤ የተጠናቀቀውም እንደገና ፎቶ ተነሥቶ ለኅትመት ይሄዳል። መጽሔቱ የሚታተመው በሮቶግራቩር ስለነበረ፣ ጥላው ጥልቅና ለስላሳ ሆኖ ሁሉም ቁርጥራጭ በአንድ ቡናማ ቀለም ይዋሐዳል። ስፌቱ ለዓይን ጠፋ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ይህ ማታለል አይደለምን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱን ከሥራዎቹ እንፈልግ። በሐምሌ 1932 በታተመው ሞንታዥ ሂትለር አፉን ከፍቶ ይናገራል፤ ደረቱ እንደ ራጅ ፎቶግራፍ ውስጡ ይታያል፤ አከርካሪው የተደራረበ የወርቅ ገንዘብ ነው፤ በልቡ ቦታ ስዋስቲካ ተቀምጧል። በዚያው ዓመት ጥቅምት የወጣው ደግሞ የሂትለርን የእጅ ሰላምታ ይዞ፣ ወደ ኋላ የታጠፈችው መዳፍ ከበስተ ኋላው ከቆመ ግዙፍ ባለሀብት የገንዘብ ኖት ስትቀበል ያሳያል። ሂትለር ሚሊዮኖች ከኋላዬ ቆመዋል ይል ነበርና፣ ሃርትፊልድ የትኞቹ ሚሊዮኖች እንደሆኑ አሳየ። በታኅሣሥ 1935 የወጣው ሦስተኛው ሥራ ጌሪንግ ብረት አገርን ያጠነክራል፣ ቅቤ ግን ሕዝብን ከማወፈር በቀር አይጠቅምም በሚል የተናገረውን ንግግር ቃል በቃል ተቀብሎ፣ አንድ ቤተሰብ በማዕድ ዙሪያ ተቀምጦ ብስክሌትና ብረታ ብረት ሲበላ፣ ሕፃኑም መጥረቢያ ሲያኝክ ያቀርባል።

በእነዚህ ምስሎች አንድም ሰው አይታለልም። ሰው ወርቅ እየዋጠ አከርካሪ እንደማይሠራ፣ ቤተሰብም ብስክሌት እንደማይበላ ማንም ያውቃል። ሃርትፊልድ የወረቀቱን ስፌት ቢሰውርም፣ የሐሳቡን ስፌት በአደባባይ ተወው። እያንዳንዱ ቁራጭ እውነተኛ ፎቶግራፍ ስለሆነ የእውነትን ክብደት ይዞ ይመጣል፤ አገጣጠሙ ግን የማይሆን ነገር ስለሆነ አንባቢውን «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል። የሞንታዥ ኃይል ከዚህ ግጭት የሚፈልቅ ነው።

ዋጋው ግን ከባድ ነበር። በሚያዝያ 1933 የኤስ.ኤስ. ሰዎች ቤቱን ሰብረው ሲገቡ ሃርትፊልድ አምልጦ ወደ ፕራግ ተሰደደ፤ መጽሔቱም አብሮት ተሰደደ። በ1934 በፕራግ የማኔስ ማኅበር ባዘጋጀው የካርቱን ትርዒት ላይ ሥራዎቹ ሲቀርቡ የጀርመን ኤምባሲ አቤቱታ አቅርቦ የተወሰኑት ከግድግዳ እንዲወርዱ አደረገ። በ1936 ሙሶሊኒ በኢትዮጵያ ላይ ያካሄደውን ወረራ ርእስ አድርጎ፣ ፋሺዝም በአገራችን የሚያቆመው የክብር ሐውልት ምን ዓይነት እንደሆነ በሞንታዥ አሳይቷል። በመንግሥታት ማኅበር የቀረበው አቤቱታችን ሰሚ ባጣበት ዘመን አንድ ስደተኛ የግራፊክ ባለሙያ በመቀሱ መመስከሩ ለእኛ ሙያ ሰዎች የሚዘነጋ አይደለም። በ1938 ሃርትፊልድ ወደ ለንደን ሸሸ፤ በ1950 ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተመለሰ፤ በ1968 በበርሊን ዐረፈ።

ይሁንና ታሪክን ስንጽፍ ሚዛኑን መጠበቅ አለብን። ያ የሰላ ዓይን ያየው በአንድ ወገን ብቻ ነበር። ሃርትፊልድ በ1931 ወደ ሶቪየት ኅብረት ተጉዞ ሠርቷል፤ በዚያ ይፈጸም በነበረው ግፍ ላይ ግን መቀሱን አላነሣም። ይህን ጉድለት ለመረዳት ትንሽ ቆይተን ወደ ሞስኮ እንሻገራለን።

ፊደልና ፎቶግራፍ በአንድ ገጽ

ሃርትፊልድ ሞንታዥን የትግል መሣሪያ ሲያደርገው፣ በዚያው በጀርመን ሌሎች ሰዎች ደግሞ የዕለት ተዕለት የኅትመት ሥራ ደንብ ሊያወጡለት ይደክሙ ነበር። ከእነዚህ ዋነኛው ሃንጋሪያዊው ላስሎ ሞሆይ ናጅ ነው። በ1923 በባውሐውስ ትምህርት ቤት በመምህርነት ተቀጥሮ እስከ 1928 ቆየ። በ1922 ጀምሮ ያለ ካሜራ፣ ዕቃዎችን በብርሃን በሚቀበል ወረቀት ላይ አኑሮ ብርሃን በመልቀቅ ፎቶግራም የሚባሉ ምስሎችን ሠርቷል። በ1925 በባውሐውስ መጻሕፍት ተከታታይ ስለ ሥዕል፣ ስለ ፎቶግራፍና ስለ ፊልም ባወጣው መጽሐፉ «ቲፖፎቶ» የሚል ቃል አስተዋወቀ።

የቃሉ ትርጉም ቀላል ነው፤ ፊደልና ፎቶግራፍ በአንድ ገጽ ላይ እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር መነበብ አለባቸው ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ፎቶግራፍ በመጽሐፍ ውስጥ እንግዳ ነበር፤ በክፈፍ ተከቦ፣ መግለጫ ከሥሩ ተንጠልጥሎ፣ ጽሑፉ ያለውን መልሶ ይል ነበር። ሞሆይ ናጅ ግን ቃል ሊለው የሚችለውን ፎቶግራፍ እንዳይደግመው፣ ፎቶግራፍ የሚያሳየውንም ቃል እንዳያብራራው ፈለገ። እያንዳንዱ ሌላው የማይችለውን ይሥራ ነው ነገሩ።

ይህ ሐሳብ በተከታዮቹ ዓመታት በፍጥነት ተስፋፋ። ያን ቺኾልድ በ1928 ስለ አዲሱ የፊደል አደራደር ባሳተመው መጽሐፍ ፎቶግራፍን ከፊደል ጋር እኩል የገጽ አካል አድርጎ አስቀመጠው። በ1929 በሽቱትጋርት የተከፈተው «ፊልምና ፎቶ» የተሰኘው ትርዒት የፎቶ አንሺዎችን ሥራ ከማስታወቂያ፣ ከሳይንስና ከጋዜጣ ፎቶግራፍ ጋር ጎን ለጎን አሰለፈ። በዚያው ዓመት ፍራንዝ ሮና ቺኾልድ ያዘጋጁት የፎቶግራፍ መድብል በሽፋኑ ላይ የኤል ሊሲትስኪን የራስ ምስል ይዞ ወጣ። ሊሲትስኪ በ1924 በሠራው በዚህ ምስል የራሱ ፊት፣ ኮምፓስ የያዘች እጁና የንድፍ ወረቀቱ በጨለማ ክፍል ውስጥ አንዱ በሌላው ላይ ታትመዋል፤ ዓይኑ በመዳፉ መካከል ሆኖ ይታያል። ሙያችን የዓይንና የእጅ አንድነት መሆኑን ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ምስል ማግኘት ያስቸግራል።

አንድ ነገር ግን በዚህ የጀርመን ምዕራፍ ውስጥ ሳይመለስ ቀረ። ፊደልና ፎቶግራፍ እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ይነበቡ ሲባል፣ ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት ቢሆንስ? የገጽ ውበት ደንብ ይህን ጥያቄ ሊመልስ አይችልም።

የሞስኮው ገጽ

አሌክሳንደር ሮድቼንኮ በ1923 ለማያኮቭስኪ የግጥም መጽሐፍ የሠራቸው ሞንታዦች፣ በ1924 ደግሞ ለሌኒንግራድ የመጻሕፍት አሳታሚ ያዘጋጀው ፖስተር፣ በግራፊክ ጥበብ ታሪክ የማይታለፉ ናቸው። በፖስተሩ ላይ ሊልያ ብሪክ እጇን በአፏ ዳር አድርጋ ትጣራለች፤ ከአፏም «መጻሕፍት» የሚለው ቃል እንደ ድምፅ ማጉያ እየሰፋ ይወጣል። ጉስታቭ ክሉትሲስ በበኩሉ ብዙ ትንንሽ እጆች በአንድ ግዙፍ እጅ ውስጥ የተሰበሰቡበትን የ1930ውን የልማት ዕቅድ ፖስተር ሠራ። እነዚህ ሰዎች አብዮቱን ከልብ ያመኑ፣ ጥበባቸውም እስከ ዛሬ የሚያስደንቅ ባለሙያዎች ነበሩ።

ከ1930 ጀምሮ ግን «ሶቪየት ኅብረት በግንባታ ላይ» የተሰኘው ታላቅ ሥዕላዊ መጽሔት ሥራቸውን ወደ ሌላ አቅጣጫ መራው። በታኅሣሥ 1933 የወጣው ቁጥር በሙሉ የነጭ ባሕር ቦይ ግንባታን የሚመለከት ነበር፤ ፎቶግራፉንም የገጹንም ንድፍ የሠራው ሮድቼንኮ ነው። ቦዩ 227 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሲሆን ከ1931 እስከ 1933 ባለው ጊዜ በሃያ ወር ውስጥ ተቆፈረ። የቆፈሩት ከ100,000 በላይ እስረኞች ናቸው፤ በሺዎች የሚቆጠሩትም በብርድ፣ በረሃብና በድካም ሞተዋል። በመጽሔቱ ገጾች ላይ ግን የሙዚቃ ጓድ ሲጫወት፣ ሠራተኞች በዓለት ላይ ተሰልፈው ሲቆፍሩ፣ ውኃውም በድል ሲፈስ ይታያል። አብዛኛው ምስል እውነተኛ ፎቶግራፍ ነው፤ ሙዚቀኞቹ በእርግጥ ነበሩ፤ ቦዩም በእርግጥ ተቆፍሯል። የጠፋው ነገር መቃብሩ ነው።

ከሃርትፊልድ ጋር ብናነጻጽረው ልዩነቱ ወለል ብሎ ይታያል። ሃርትፊልድ የማይሆን ነገር አሳይቶ እውነቱን ገለጠ፤ የቦዩ መጽሔት የሆነውን ነገር እየመረጠ አሳይቶ እውነቱን ሸፈነ። መሣሪያቸው አንድ ነው፤ መቀስ፣ ሙጫ፣ ማጉያ፣ የጨለማ ክፍልና ሮቶግራቩር። ስለዚህ ፍርዱ በመሣሪያው ላይ ሊሆን አይችልም። መመዘኛው አንባቢው መቀሱ የት እንዳለፈ ማወቅ መቻሉ ወይም አለመቻሉ ነው።

መቀሱ ደግሞ ዞሮ ወደ ባለቤቶቹ መጣ። በ1934 ሮድቼንኮና ባለቤቱ ቫርቫራ ስቴፓኖቫ «የኡዝቤኪስታን አሥር ዓመታት» የተባለ ያማረ መጽሐፍ ነድፈው ነበር፤ ውስጡም በሪፐብሊኩ ባለሥልጣኖች የቁም ፎቶግራፍ የተሞላ ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ስታሊን ከእነዚሁ ባለሥልጣኖች ብዙዎቹን ጠራርጎ አስገደለ። በዚያን ጊዜ «የሕዝብ ጠላት» የተባለ ሰው ምስል በቤት መገኘቱ ብቻ ሕይወት ያስከፍል ነበር። ሮድቼንኮ የራሱን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወረደ፤ ብሩሹን በጥቁር ቀለም ነክሮም እርሱ ራሱ በጥንቃቄ ገጽ ላይ ያሰፈራቸውን ፊቶች አንድ በአንድ አጠቆረ። ክሉትሲስ ይህም ዕድል አልገጠመውም። በጥር 1938 ተይዞ በየካቲት ወር ተረሸነ።

ያ የጠቆረ መጽሐፍ ለዓለም የታወቀው ዴቪድ ኪንግ በተባለ እንግሊዛዊ የግራፊክ ባለሙያ ጥረት ነው። ኪንግ በ1984 በሞስኮ በሮድቼንኮ የሥራ ክፍል ውስጥ መጽሐፉን አየ፤ በ1997 ባሳተመው ጥናቱም ሶቪየት ፎቶግራፎች በስታሊን ዘመን እንዴት እየተፋቁ፣ እየተቆረጡና እየተለወጡ ሰዎች ከታሪክ እንዲጠፉ እንደተደረገ በምስል አስረዳ። በእነዚያ የተፋቁ ምስሎች የጎደለው ሰው ቦታ በግድግዳ፣ በዛፍ ወይም በሰማይ ተሞልቷል፤ ዓይን ምንም አይጠረጥርም። የሮድቼንኮ ጥቁር ነጠብጣቦች ግን የመቀሱን መንገድ ይናገራሉ። በፍርሃት የተደረገው ማጥቆር ሳይታሰብ ከሁሉ የታመነ ምስክር ሆኖ ቀረ።

ተራራው፣ ጎማውና አሥራ ሦስተኛው ወር

ከፖለቲካው ማዕበል ራቅ ብላ በነበረችው ስዊትዘርላንድ ይህ ጥበብ ሰላማዊ ሥራ አገኘ። በ1907 በኤንግልበርግ የተወለደው ኸርበርት ማተር በፓሪስ ከፈርናን ሌዤ ዘንድ ሥዕል ተምሮ ከተመለሰ በኋላ፣ ከ1934 እስከ 1936 ለስዊስ የቱሪስት ድርጅትና ለመዝናኛ ከተሞች ዝነኛ ፖስተሮችን ሠራ። በፖንትሬሲና ፖስተር ላይ የበረዶ መነጽር ያደረገ ግዙፍ ፊት ወደ ላይ ይመለከታል፤ ከበስተ ኋላው አንድ ትንሽ የበረዶ ተንሸራታች በቁልቁለቱ ይወርዳል። መንገዶች ሁሉ ወደ ስዊትዘርላንድ ያመራሉ በሚለው የ1935 ፖስተር ደግሞ የድንጋይ ንጣፉ መንገድ ከተመልካቹ እግር ሥር ይነሣል፤ ከመካከል የተራራው መንገድ ይጥመለመላል፤ ከሁሉ በላይ በረዶ የለበሰው ተራራ ይነሣል። እንዲህ ያለ ቦታ በካርታ ላይ የለም። ነገር ግን ማንም አልተታለለም፤ ምክንያቱም የመጠኑ መዛባት ራሱ «ይህ የጉዞ ምኞት ነው» ብሎ ይናገራል። ማተር በ1936 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዚያ ለብዙ ዓመታት ሠራ፣ አስተማረም።

ከጦርነቱ በኋላ የዙሪኩ ዮዜፍ ሙለር ብሮክማን ይህን ውርስ ለሕይወት አድን ዓላማ አዋለው። በ1953 ለስዊስ የአውቶሞቢል ክበብ የሠራው ፖስተር፣ ኤርንስት ሃይኒገር ባነሣው ፎቶግራፍ ላይ የተመሠረተ ሆኖ፣ ከፊት እየገሠገሠ የሚመጣ ግዙፍ የሞተር ብስክሌት ጎማና ከርሱ ፊት የሚሮጥ አንድ ትንሽ ሕፃን ያሳያል። ጽሑፉ ሕፃኑን ጠብቁ ከማለት ሌላ የሚጨምረው የለም። የፍጥነትንና የደካማነትን ልዩነት በቁጥር ከመግለጽ ይልቅ በመጠን ልዩነት ተናገረው። ሞሆይ ናጅ የተመኘው የቃልና የፎቶግራፍ የሥራ ክፍፍል እዚህ ላይ ሙሉ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ዘር በእኛም አገር ፍሬ ሰጥቷል። የኢትዮጵያ የቱሪስት ድርጅት በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት አገራችንን በውጭ ዓለም ማስተዋወቅ በጀመረበት ዘመን፣ ፎቶግራፍን ዋና መሣሪያ ያደረጉ ፖስተሮች «የ13 ወር ጸጋ» ከሚለው መፈክር ጋር ወጡ። መፈክሩ ከጳጉሜ የተገኘ ነው፤ አሥራ ሁለቱ ወሮች ሠላሳ ሠላሳ ቀን ሲይዙ፣ አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜ አሥራ ሦስተኛ ትሆናለች። ለውጭ አገር ሰው ቁጥሩ ብቻውን እንቆቅልሽ ነው፤ የአንድ ጥንታዊ ቅርስ ፎቶግራፍም ብቻውን ከብዙ አገሮች ፎቶግራፍ አንዱ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን አንባቢው ቆሞ ይጠይቃል። ጸጋው የተጋነነ ቢመስለው እንኳ፣ ማጋነኑ የጋባዥ ማጋነን መሆኑን ያውቃል። በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያፈራቸው ሠዓሊዎችና የግራፊክ ባለሙያዎችም ከዚያ ወዲህ ለአገራችን የፖስተርና የመጽሐፍ ሽፋን ሥራ ያበረከቱት ድርሻ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚገባው ነው።

የተንቀሳቀሰው ፒራሚድ

መቀሱ ከብረት ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሲለወጥ አሮጌው ጥያቄ በአዲስ ልብስ ተመለሰ። በየካቲት 1982 «ናሽናል ጂኦግራፊክ» መጽሔት በጊዛ የተነሣ አግድም ፎቶግራፍ ለቁም ሽፋኑ አልበቃ ስላለው፣ በኮምፒዩተር አንዱን ፒራሚድ ወደ ሌላው አስጠግቶ አተመ። ነገሩ ሲታወቅ ብርቱ ወቀሳ ተነሣ። ማተር ከዚያ የባሰ ተራራ አንቀሳቅሶ ነበር፤ ማንም አልወቀሰውም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የማተር ፖስተር ተመልካቹን «ና» አለው፤ መጽሔቱ ግን «እንዲህ ነው» ብሎት ነበር። በ1990 የፎቶሾፕ መርሐ ግብር ለገበያ ሲቀርብ፣ ቀድሞ በጥቂት ሰዎች እጅ የነበረው ስፌት አልባ መቀስ በየባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ዋለ። ዛሬ ደግሞ በቃል ትእዛዝ ብቻ፣ አንድም እውነተኛ ፎቶግራፍ ሳይቆረጥ፣ ፎቶግራፍ የሚመስል ምስል የሚሠሩ መኪናዎች መጥተዋል። ሃርትፊልድ ቢያንስ እያንዳንዱ ቁራጭ ከየት እንደመጣ ያውቅ ነበር፤ በአዲሱ ምስል ውስጥ ግን የተቆረጠ ነገር ስለሌለ፣ መቀሱ ያለፈበትን ቦታ መፈለግም አይቻልም።

እንግዲህ የታሪኩ ትምህርት ለእኛ ለሙያው ሰዎች ምንድን ነው? ፎቶግራፍን አትንኩት ማለት አይደለም፤ እንዲህ ቢሆን ኖሮ መጥረቢያ የሚያኝከው ሕፃንም ከጎማው ፊት የሚሮጠውም ባልተፈጠሩ ነበር። ከበርሊንና ከሞስኮ የምንወስደው መመዘኛ ከዚህ የጠበበና የከበደ ነው። አንድ ሥራ ከጠረጴዛችን ከመነሣቱ በፊት፣ የሚያየው ሰው በምስሉ ላይ ያደረግነውን ቢያውቅ ምን ይላል ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። «ገባኝ» የሚል ከሆነ ሥራው ጥበብ ነው። «አታለላችሁኝ» የሚል ከሆነ ግን፣ የገጹ ውበትና የቀለሙ ጥራት ምንም ያህል ቢሆን፣ ያ በነፃ ያገኘነው አመኔታ ባክኗል፤ ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ባልደረባም አይተርፍም።

ሮድቼንኮ ከዘመኑ ታላላቅ የግራፊክ ሰዎች አንዱ ነበር፤ ከሥራዎቹ ሁሉ ዛሬ ብዙ የሚያስተምረን ግን በገዛ እጁ ያበላሸው ያ መጽሐፍ ነው። ማንኛችንም በራሳችን መጽሐፍ ላይ ያንን ጥቁር ቀለም የምናነሣበት ቀን እንዳይመጣ፣ ብሩሹን ዛሬ ስንይዝ እንጠንቀቅ።